ማይክሮዌቭ ሲንተሪንግ የእውነት የተለየ ነገር አለው ወይስ ቶሎ ስለሚያሞቅ ብቻ ነው? (ክሩ እስከ መልስ 25)

ሲንተሪንግ ማለት የተጠቀጠቀ ፓውደርን ሳያቀልጡ በሙቀት አያይዞ ድፍን ማድረግ ነው። ክሩን፣ ማለትም የመድረኩን ውይይት፣ የከፈተችው ልጅ ነገሩን በግልጽ ነው ያስቀመጠችው፣ ለዛም ይመስለኛል ይሄ ሁሉ ሰው የገባበት። ብረትና ኒኬል ግማሽ በግማሽ አድርጋ ቦል ሚል (በኳሶች የሚፈጭ ወፍጮ) ውስጥ ለረጅም ሰዓት ፈጭታ ናኖክሪስታላይን (ውስጡ በናኖሜትር የሚለኩ ክሪስታሎች ያሉት) ፓውደር ሰርታለች፣ በኤክስአርዲ (በኤክስሬይ ዲፍራክሽን) ስታየው የክሪስታላይቱ (የትንሿ ክሪስታል) መጠን 15 ናኖሜትር አካባቢ ወጣላት። ከዛ በፕሬስ ጠፍጣፋ ክብ ናሙና አድርጋ ግማሹን ቱዩብ ፈርነስ (ተራ የቱቦ ምድጃ) ውስጥ በደቂቃ 5 ዲግሪ እያሞቀች 1100 ዲግሪ ሴልሺየስ አድርሳ አንድ ሰዓት አቆየችው፣ ግማሹን ደግሞ 2.45 ጊጋኸርዝ ማይክሮዌቭ ውስጥ በሩብ ሰዓት እዛው 1100 አድርሳ 5 ደቂቃ ብቻ ይዛ አጠፋችው። ሁለቱም አርጎን ውስጥ ናቸው። ዴንሲቲያቸው (ጥግግታቸው) ተቀራራቢ ሆነ፣ የማይክሮዌቩ ግን ሃርድነሱ (ጥንካሬው) በሲሶ በለጠ፣ ግሬይኑም (ሜታሉ የተሠራበት ክሪስታል) በኤክስአርዲ 85 ናኖሜትር ሲሆን የፈርነሱ 120 ነው። ስለዚህ ማይክሮዌቭ ከሙቀት ውጪ የሆነ የራሱ ተጽዕኖ አለው ብላ ደምድማለች፣ ጥያቄዋም ይሄን ተጽዕኖ ጽሑፏ ላይ እንዴት ብታስረዳው እንደሚሻል ነው። ልብ በሉ፣ ተጽዕኖው አለ ወይ ብላ አይደለም የጠየቀችው። ጭቅጭቁ በሙሉ የመጣው ከዚች ነው።

መልስ 1 በምስጋና ነው የጀመረው። ሥራው ቆንጆ እንደሆነ ነገራትና እ.ኤ.አ. በ1999 ሩስቱም ሮይ፣ ዲኔሽ አግራዋልና ባልደረቦቻቸው ከፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ኔቸር መጽሔት ላይ ያወጡትን ጽሑፍ አስታወሳት፣ የሜታል ፓውደር ማይክሮዌቭ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ሲንተር መሆን እንደሚችል ያሳየውን ማለት ነው። ከዛ በፊት ማይክሮዌቭ ሲባል በአብዛኛው ሴራሚክ ነበር የሚታሰበው። ጨዋ መልስ ነው፣ ግን የጠየቀችውን አልነካውም።

መልስ 2 ወዲያው ተቃወመ። ሜታል ማይክሮዌቭን የሚያንጸባርቅ እንጂ የሚውጥ አይደለም፣ መዳብ እንኳ በ2.45 ጊጋኸርዝ ሞገዱ ከ1.3 ማይክሮሜትር ብዙም አልፎ አይገባበትም፣ ማግኔታዊ ለሆነ ሜታል ደግሞ ከዛም ያንሳል፣ ስለዚህ የሞቀው በዙሪያው ያለው የሲሊኮን ካርባይድ ሰሴፕተር (ሞገዱን ውጦ የሚሞቅ ማሞቂያ) ነው፣ ናሙናው ከሰሴፕተሩ በጨረር ነው የሞቀው፣ ያ ከሆነ ደግሞ ያንቺ ማይክሮዌቭ ትንሽ ፈጣን ፈርነስ ነው ብሎ ጨረሰው። አጭርና ደረቅ።

እዚህ ጋ መልስ 3 ገባችና ጥሩ አድርጋ አስተካከለችው። ያ የሚያንጸባርቀው ድፍን ሜታል ነው፣ ፓውደር ሌላ ጉዳይ ነው። የተጠቀጠቀ ፓውደር ውስጥ እያንዳንዱ ቅንጣት በስስ ኦክሳይድ ከጎረቤቱ ስለተለየ ናሙናው በጠቅላላ ኤሌክትሪክ በደንብ አያስተላልፍም፣ ሞገዱ በቅንጣቶቹ መሃል ሾልኮ ይገባል፣ ከዛ በእያንዳንዱ ቅንጣት ገጽ ላይ ኤዲ ከረንት (የሚሽከረከር የኤሌክትሪክ ፍሰት) ይፈጠራል። የፔን ስቴቶቹ ራሳቸው ከ1999 በኋላ ሲንግል ሞድ ካቪቲ (ፊልዱ የት እንደሚበረታ የሚታወቅበት የማይክሮዌቭ ክፍል) ውስጥ የኤሌክትሪክ ፊልዱንና የማግኔት ፊልዱን ለይተው ናሙናውን አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ እያስቀመጡ እንዳሳዩት የሜታል ፓውደር በደንብ የሚሞቀው ማግኔት ፊልዱ በሚበረታበት ቦታ ነው፣ ብዙዎቹ ሴራሚኮች ደግሞ በኤሌክትሪኩ። እኔ ክሩ ውስጥ ስለ ማይክሮዌቭ በተለይ ከተነገረው ሁሉ ጠንካራው ነገር ይሄ ነው እላለሁ። የማግኔት ፊልድ ማሞቂያነት እውነት ነው፣ ተለክቷል። ግን እሱ እንዴት እንደሚሞቅ ነው የሚነግርህ፣ ከሞቀ በኋላ አቶሞቹ በሌላ ሕግ ይሄዳሉ አይልም፣ ሰዎች ሁለቱን ሲያምታቱ ነው ክሩ የሚረዝመው።

መልስ 4 ሌላ መደነባበር አገኘ፣ ይሄኛው ሹል ነበር። ጠያቂዋም መልስ 3ም ናኖ ስለሆነ ሞገዱን በደንብ ይውጣል የሚል ሐሳብ ውስጥ እንዳሉ ነው የገባው (መልስ 3 እንኳን እንደዛ አላለችም)። 15 ናኖሜትር የክሪስታላይቱ መጠን ነው፣ የቅንጣቱ አይደለም። ቦል ሚል ውስጥ ፓውደሩ ደጋግሞ ይበየዳል ይሰበራል፣ መጨረሻ ላይ የሚወጣው ቅንጣት አስር ሃያ ምናልባት ሃምሳ ማይክሮሜትር ሆኖ ውስጡ ግን በናኖ ግሬይኖች የተሞላ ነው። ሞገዱ የሚያየው ቅንጣቱን ነው፣ ኤዲ ከረንቱ የግሬይን ወሰን ቆሞ አይጠብቀውም። ስለዚህ ናኖክሪስታላይን መሆኑ ከሞገድ መዋጡ ጋር እዚህ ግባ የሚባል ግንኙነት የለውም፣ ግንኙነቱ ከዲፊውዥን (ከአቶሞች መዘዋወር) ጋር ነው፣ የግሬይን ወሰን ስለበዛ አቶም የሚሄድበት መንገድ በዛ ማለት ነው፣ እሱ ደግሞ ቱዩብ ፈርነስ ውስጥም ያው ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ለይቶ የማያውቅ ሰው ጽሑፍ ባይጽፍ ይሻላል ብሎ የጨመረባት ግን ነውር ነው፣ ነገሩን ያለዚያም መናገር ይችል ነበር።

ጠያቂዋ በመልስ 5 ተመለሰች። ትንሽ ከፍቷታል፣ ያስታውቃል፣ ግን አልተሳደበችም፣ ኤስኢኤም (ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ) ላይ ቅንጣቶቿ 20 ማይክሮሜትር አካባቢ እንደሆኑ አመነችና ታዲያ ይሄ ውጤቴን በምን ይቀይረዋል ብላ መልሳ ጠየቀች። ጥያቄዋ ልክ ነው። ምንም አይቀይረውም።

መልስ 6 ግን ቀየረው። እኚህ ሰውዬ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ይመስላል፣ ልጄ እያሉ ነው የሚጽፉላት። ነገሩን በስሌት አስቀመጡት። በደቂቃ 5 ዲግሪ ከክፍል ሙቀት ተነስቶ 1100 ለመድረስ 215 ደቂቃ ይፈጃል፣ ከሦስት ሰዓት ተኩል በላይ ነው። ግሬይን ማደግ በሚጀምርበት ከ500 እስከ 900 ባለው ክልል ውስጥ ብቻ 80 ደቂቃ ያሳልፋል። የማይክሮዌቩ ናሙና በደቂቃ 75 ዲግሪ ገደማ ስለሚሞቅ ያንኑ ክልል በ5 ደቂቃ ከምናምን ያልፈዋል። ከዛ ላይ አንዱ 60 ደቂቃ ተይዟል ሌላው 5። ስለዚህ የተወዳደሩት ሁለት የማሞቂያ ዘዴዎች አይደሉም፣ ሁለት የጊዜና የሙቀት ታሪኮች ናቸው፣ ግሬይን ደግሞ ያሳለፈውን ሙቀት ነው የሚያስታውሰው እንጂ ከየት እንደመጣለት አያውቅም። ከዚህ በኋላ ያለው ክር በሙሉ ለእኔ የዚህ መልስ ማብራሪያ ነው።

መልስ 7 አንድ ነገር ብቻ ጨመረበት፣ ግን ቁም ነገር ነው። ፍጥነት ለምን ይጠቅማል የሚለውን። ዝቅ ባለ ሙቀት የሚበረታው የገጽ ላይ ዲፊውዥን ነው፣ እሱ ቅንጣቶቹን ያያይዛል፣ አንገት ያበጃል፣ ግን መሃላቸውን አያቀራርብም፣ ማለትም ናሙናው ሳይጠጋጋ ያ ሁሉ የገጽ ኢነርጂ ይባክናል። የግሬይን ወሰንና የውስጥ ዲፊውዥን ከፍ ያለ አክቲቬሽን ኢነርጂ (ለመነሳት የሚያስፈልግ ጉልበት) ስለሚፈልጉ ከፍ ባለ ሙቀት ነው የሚነሱት፣ ቀዳዳውን የሚዘጉት ደግሞ እነሱ ናቸው። ያንን የታችኛውን ክልል ቶሎ ያለፈ ናሙና ጉልበቱን ሳይጨርስ እላይ ይደርሳል። እና ይሄ የሚሆነው በምንም ብታሞቀው ነው።

ከዛ መልስ 8 ስለ ሙቀት መለኪያው አነሳ፣ እዚህ ጋ ክሩ ለየለት። ጠያቂዋ ማይክሮዌቩ ላይ የተጠቀመችው ፓይሮሜትር (ሙቀትን ከሩቅ በጨረር የሚለካ) ነው፣ ቱዩብ ፈርነሱ ላይ ተርሞካፕል (በሽቦ የሚለካ) ነው። ፓይሮሜትር የሚያየው ገጽ ነው፣ ማይክሮዌቭ ውስጥ ደግሞ ናሙናው ከውስጥ ስለሚሞቅና ገጹ ሙቀት ስለሚያጣ መሃሉ ከገጹ ሊበልጥ ይችላል፣ በተራ ፈርነስ ተቃራኒው ነው። በዛ ላይ የሜታል ኢሚሲቪቲ (ጨረር የመልቀቅ አቅሙ) ከሙቀቱና ከኦክሳይዱ ጋር ይቀያየራል፣ አንድ ቁጥር አስገብቶ እስከ መጨረሻ መሄድ ራስን ማታለል ነው። እና 1100 እና 1100 ያልሽው አንድ 1100 መሆኑን በምን አወቅሽ ነው ነገሩ። መፍትሔ ብሎ ያቀረበው የወርቅ ወይም የመዳብ ሽቦ ቁራጭ ናሙናው አጠገብ አስቀምጦ መቅለጡን ማየት ነው፣ ወርቅ በ1064 መዳብ በ1085 ስለሚቀልጡ።

መልስ 9 እሳት ጎርሶ መጣ። ማይክሮዌቭ ውስጥ ሽቦ የሚያስቀምጥ ሰው አንቴና ነው ያስቀመጠው፣ ጫፉ ላይ ብልጭታ ይነሳል፣ አርጎን ካለ ፕላዝማ (በኤሌክትሪክ የሚያበራ ጋዝ) ይቀጣጠላል፣ ሽቦው ቢቀልጥ እንኳ በብልጭታው ይቅለጥ በናሙናው ሙቀት አይታወቅም፣ በእንዲህ ያለ ምክር ስንት መሣሪያ ተበላሽቷል። መልስ 8ም ዝም አላለም፣ በመልስ 10 ተርሞካፕልስ የሚያስገቡ አሉ አይደል ወይ፣ በደንብ ግራውንድ ከተደረገ ሽፋን ጋር ይሠራል ብሎ መለሰ፣ እውነት አለው ግን ስለ ሽቦው የተባለውን አይመልስም። ሁለቱን ያስታረቀችው መልስ 11 ናት፣ ሽቦውን ተዉትና መዳብን በፓውደር መልክ እንደ ናሙናው ጠቅጥቃችሁ፣ በመጠንም በቅርጽም አስመስላችሁ እዛው ቦታ አስቀምጡ፣ ፓይሮሜትሩ ስንት ሲል ቅርጹን እንዳጣ እዩ፣ ልዩነቱ የእርማት ቁጥራችሁ ነው አለች። ቆሻሻ መንገድ ነው፣ የመዳብ ኢሚሲቪቲም የብረት ኒኬል አይደለም፣ ቢሆንም ከምንም ይሻላል።

ከመልስ 12 እስከ 14 ያለው ከርዕሱ የወጣ ነው። አንዱ የቤት ማይክሮዌቭ ፈትቶ ሰሴፕተር አስገብቶ መሥራት ይቻላል ወይ ብሎ ጠየቀ፣ ሁለተኛው ይቻላል እያለ ዝርዝር ሊሰጥ ሲል ሦስተኛዋ ተቆጣች። ተገቢ ቁጣ ነው፣ የቤት ማይክሮዌቭ ውስጥ ያለው የከፍተኛ ቮልቴጅ ካፓሲተር ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ቻርጅ ሊይዝ ይችላል፣ ሰው ይገድላል። ደግሞም የቤቱ ዓይነት ፓወር የሚቀንሰው በአብዛኛው ማግኔትሮኑን (ሞገዱን የሚያመነጨውን) እያበራ እያጠፋ ስለሆነ በደቂቃ ይሄን ያህል ዲግሪ ብለህ ልትመራው አትችልም፣ ለዚህ ጥያቄ ዓይነት ምርምር ውሃ አያነሳም።

መልስ 15 ወደ ጉዳዩ መለሰን፣ ለእኔ ከመልስ 6 ቀጥሎ የክሩ ምርጥ ይሄ ነው። ሰውየው ሃርድነሱን ያዘ። በሆል ፔች ሕግ ሃርድነስ ከግሬይን መጠን ስኩዌር ሩት ጋር በተገላቢጦሽ ነው የሚሄደው። እሺ ያንቺን ቁጥሮች እንመናቸው፣ 120ን ለ85 አካፍለሽ ስኩዌር ሩቱን ብትወስጂ 1.19 ነው የሚመጣው። ማለትም የሃርድነሱ መቶ በመቶ ከግሬይን የመጣ ነው ብንል እንኳ ልዩነቱ ከ19 በመቶ ማለፍ አይችልም፣ ከግሬይን ጋር የማይገናኘው የሜታሉ የራሱ ድርሻ ሲታሰብ ደግሞ ከዛም ያንሳል። አንቺ ያገኘሽው ሲሶ ነው። ቀሪው ከየት መጣ? ዴንሲቲው ተቀራራቢ ነው ስላልሽ ከሱ አይደለም። እና ወደ ኬሚስትሪው ሂጂ አላት፣ ስትፈጪ ፓውደሩ እንዳይጣበቅ ምን ጨምረሽ ነበር?

ስቲሪክ አሲድ ነበር የጨመረችው፣ መልስ 16 ላይ ተናገረች። እንዲህ ዓይነት ነገር ነው መክፈቻው ላይ መጻፍ የነበረበት። ስቲሪክ አሲድ በሞለኪዩሉ ውስጥ 18 ካርቦን ያለው ነገር ነው፣ ሲሞቅ ተበታትኖ መውጣት አለበት፣ ለመውጣት ጊዜ ይፈልጋል። ቱዩብ ፈርነሱ በደቂቃ 5 ዲግሪ ሲሄድ ቀዳዳዎቹ ገና ክፍት እያሉ ብዙው ይወጣል፣ የቀረውም ካርቦን የቅንጣቶቹን ኦክሳይድ እየቀነሰ በካርቦን ሞኖክሳይድ መልክ ይሄዳል። በሩብ ሰዓት 1100 የገባው ናሙና ግን መውጫ አላገኘም። ያ ካርቦን ወይ ሜታሉ ውስጥ ሟሙቶ ወይ ካርባይድ (ከሜታሉ ጋር ውህድ) ሆኖ ተቀምጧል፣ ኦክሳይዱም እንዳለ ቀርቷል፣ ሁለቱም ያጠነክራሉ። ማይክሮዌቭ ጠንካራ አደረገው የተባለው ነገር ሳይጸዳ የቀረ ቆሻሻ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። በጣም የሚያስቀው ያው ቆሻሻ፣ ኦክሳይዱም ካርባይዱም፣ የግሬይን ወሰንን ይዞ ግሬይኑም እንዳያድግ ያደርጋል፣ ስለዚህ የትንሿም ግሬይን ምክንያት እሱ ሊሆን ይችላል። ይሄን የመጨረሻውን ማንም አላነሳውም፣ እኔ ነኝ የጨመርኩት።

መልስ 17 ጭራሽ ቁጥሮቹንም አፈረሳቸው። ኤክስአርዲ ነው ሥራው፣ ትዕግሥት የለውም። ሼረር ፎርሙላ (የክሪስታላይቱ መጠን ከኤክስአርዲ ፒኩ ስፋት የሚሰላበት) ከፒኩ ስፋት ላይ የመሣሪያውን ድርሻ ሳትቀንሽ፣ ስትሬይኑንም (የክሪስታሉን መወጠር) በዊልያምሰን ሆል ዘዴ ሳትለዪ የሚሰጥሽ ቁጥር ቁጥር አይደለም፣ ደግሞ ወደ መቶ ናኖሜትር ሲጠጋ ፒኩ ከመሣሪያው የራሱ ስፋት ጋር ስለሚቀራረብ 85 እና 120 ብሎ መለየት ራሱ ድፍረት ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ 1100 ዲግሪ ማለት ለዚህ አሎይ (የሜታል ቅይጥ) በኬልቪን ከማቅለጫው 80 በመቶ አካባቢ ነው፣ ምንም የሚይዘው ነገር ከሌለ ብረት ኒኬል እዛ ላይ አንድ ሰዓት ቆይቶ 120 ናኖሜትር አይሆንም፣ ማይክሮሜትሮች ነው የሚሆነው፣ ኤክስአርዲው ያሳየሽ በግሬይኑ ውስጥ ያሉትን ዶሜይኖች (ንዑስ ክፍሎች) ነው። ናሙናውን ፖሊሽ አድርገሽ በኢቢኤስዲ (ግሬይኖቹን በኤሌክትሮን ጨረር በሚለይ ዘዴ) እዪው፣ ካስፈለገ ቲኢኤም (የበለጠ የሚያጎላ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ)። ደግነት የጎደለው ነው እንጂ የሚታረም ነገር የለውም፣ መልስ 15 ራሱ መጥቶ በመልስ 18 ስሌቱን በቁጥሮቿ የሠራው ቁጥሮቿን አምኖ እንዳልሆነ፣ ቢታመኑ እንኳ እንደማያስኬዱ ለማሳየት እንደነበር አስረዳ።

ከዛ ክሩ ትንሽ ተዝናና። መልስ 19 ስለ ኩሪ ነጥብ አነሳ፣ ብረት በ770 ኒኬል በ358 ዲግሪ አካባቢ ማግኔትነታቸውን ስለሚያጡ አሎይዋ በሁለቱ መሃል አንድ ቦታ ላይ የማሞቅ ፍጥነቷ መቀነስ አለበት፣ ከዛ በኋላ ኤዲ ከረንትና ሰሴፕተሩ ብቻ ነው የሚቀሩት የሚል ነው። መልስ 20 በመሃል ይሆናል የሚለው በዘፈቀደ እንደማይሠራ አረመው፣ 36 በመቶ ኒኬል ያለው ኢንቫር የተባለው የብረት አሎይ የኩሪ ነጥቡ ከኒኬልም ያነሰ ነው፣ ስለዚህ የየአሎዩን ዲያግራም አይቶ ነው እንጂ በአማካይ አይሄድም። ከዛ ስለ ኢንቫር ወሬ ተነሳና ኢንቫርን ያገኘው ጊዮም በሱ እ.ኤ.አ. በ1920 የፊዚክስ ኖቤል መሸለሙ፣ ለሰዓት ፔንዱለም መዋሉ፣ በቃ ስለ ሰዓት ሆነ። ደስ ይላል፣ ግን እዚህ አልደግመውም። የኩሪው ነገር ራሱ ግን ትክክል ነው፣ በዛ ላይ ሌላም አለ፣ ናሙናው እየተጠጋጋ ሲሄድ በቅንጣቶቹ መሃል አንገት ስለሚበጅ ኤሌክትሪክ ማስተላለፍ ይጀምራል፣ ያኔ መልስ 2 እንዳለው ማንጸባረቅ ይጀምራል። ስለዚህ መልስ 2ና መልስ 3 ሁለቱም ልክ ናቸው፣ በተለያየ ደቂቃ።

መልስ 21 ሁለቱንም ተዉት ስፓርክ ፕላዝማ ሲንተሪንግ ተጠቀሙ የሚል ነበር። ሁሌም አንድ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። ግራፋይት ዳይ ውስጥ በ50 ወይም በ100 ሜጋፓስካል እየተጫነ ከረንት እየለቀቁበት በደቂቃ መቶ ዲግሪና ከዛ በላይ ማሞቅ እንደሚቻል፣ ግፊቱ ራሱ ስለሚያጠጋጋ ሙቀቱን ዝቅ ማድረግ እንደሚቻል ዘረዘረ። እውነት ነው፣ ግን ዳዩ የሚያወጣው በአብዛኛው ክብ ጠፍጣፋ ነገር ነው፣ ግራፋይቱም ለዚች ልጅ ካርቦን ይጨምርባታል እንጂ አይቀንስላትም።

መልስ 22 ለየት ያለ ነው። ከናንተ አንዳችሁም አሎዩን አልጠየቃችሁም ብላ ነው የገባችው። ግሬይኑ በምን ሞቀ ከማለት በፊት ግሬይኑን ምን ይይዘዋል ነው ጥያቄው። እ.ኤ.አ. በ2012 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣው የተንግስተን ታይታኒየም ሥራ 1100 ዲግሪ ላይ ሳምንት ቆይቶ ግሬይኑ 20 ናኖሜትር አካባቢ እንደቀረ ያሳየው የተለየ ፈርነስ ስለተጠቀሙ ሳይሆን ታይታኒየሙ የግሬይን ወሰኑን መርጦ እዛ በመቀመጡ የወሰኑን ኢነርጂ ስለሚቀንሰው ነው፣ መዳብ ታንታለምም እንደዛው፣ እዛ ደግሞ የሚይዘው በናኖ ደረጃ የተበተነው ታንታለም ነው። ብረትና ኒኬል ግማሽ በግማሽ ግን ሁለቱም እርስ በርስ ተዋውጠው አንድ ሶሊድ ሶሉሽን ስለሚሆኑ ወሰኑን የሚይዝ ነገር የለም፣ እንዲህ ያለውን አሎይ ይዞ ናኖ ማስቀረት ንፋስ መጨበጥ ነው። የሁለት እርከን ሲንተሪንጉንም ጠቀሰች፣ ቼንና ዋንግ እ.ኤ.አ. በ2000 በኢትሪየም ኦክሳይድ ያሳዩትን፣ መጀመሪያ ከፍ ባለ ሙቀት ለአጭር ጊዜ ከዛ ዝቅ ብሎ ለረጅም ሰዓት የሚያዝበትን፣ ተራ ፈርነስ ነው የሚበቃው። እኔ በዚህ መልስ እስማማለሁ፣ ቢሆንም ልጅቷን ሌላ አሎይ ሥሪ ማለት አሁን አይጠቅማትም፣ ፓውደሩ ተፈጭቶ እጇ ላይ ነው።

መልስ 23 ከፋብሪካ በኩል ነው የጻፈው፣ ትንሽ ምሬት አለበት። ማይክሮዌቭ ኢነርጂ ይቆጥባል ሲባል የሚነጻጸረው ባዶ ቱዩብ ፈርነስ ውስጥ አንድ ናሙና ሲሞቅ ነው፣ ሌት ተቀን ሙሉ ጭኖ ከሚሄድ ቤልት ፈርነስ (ዕቃው በተንቀሳቃሽ ቀበቶ የሚያልፍበት ምድጃ) ጋር አይደለም፣ በ2.45 ጊጋኸርዝ ማግኔትሮኑ ራሱ ከሚወስደው ኤሌክትሪክ ሲሶ ያህሉን ሙቀት አድርጎ ያጠፋዋል። ሞገዱም 12 ሴንቲሜትር ገደማ ስለሆነ ካቪቲው ውስጥ የሚሞቅና የማይሞቅ ቦታ ይፈጠራል፣ ብዙ ዕቃ አንድ ላይ ስታስገባ አንዱ ሲጠጋጋ ሌላው ጥሬ ነው፣ ለዛ ነው 915 ሜጋኸርዝ የሚመርጡት፣ ሞገዱ 33 ሴንቲሜትር አካባቢ ስለሚደርስ። ሰሚ አላገኘም፣ ልጅቷ ፋብሪካ አልጠየቀችማ።

መልስ 24 እኚያው የመልስ 6 ሰውዬ ናቸው፣ ምን ብትሠራ እንደሚሻል ነገሯት። አራት ዓይነት ናሙና ያስፈልጋል፣ ያሏት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ቱዩብ ፈርነሱን አስቀድመሽ 1100 አድርሰሽ ናሙናውን ወደ ሞቃቱ ቦታ ግፊው፣ ማይክሮዌቩን ያህል ባይሆንም በፍጥነት ይሞቃል፣ 5 ደቂቃ ይዘሽ መልሰሽ ሳቢው። ማይክሮዌቩንም ፓወሩን እየተቆጣጠርሽ በደቂቃ 5 ዲግሪ ውሰጂውና አንድ ሰዓት ያዢው። ከዛ ፈጣን ከፈጣን ዘገምተኛ ከዘገምተኛ ታወዳድሪያለሽ። ከሁሉም በፊት ግን አራቱንም ናሙና በአንድ ላይ በዝግታ 500 ዲግሪ ድረስ ወስደሽ ስቲሪክ አሲዱን አውጪ፣ ከሚቻል ሃይድሮጅን ባለበት ጋዝ፣ ከዛ በኋላ ነው ወደ ሁለቱ ማሞቂያ የሚለያዩት። ዴንሲቲውንም በአርኪሜድስ (ውሃ ውስጥ በመመዘን) ስትለኪ ክፍት ቀዳዳ ካለው ውሃ ይጠጣልና መጀመሪያ በዘይት ወይም በሰም ዝጊው። የካርቦንና የኦክስጅን ትንተና ሳትልኪ አንድም መስመር እንዳትጽፊ አሏት፣ እንደ አባት ነው።

በመልስ 25 ጠያቂዋ ጋዙን በተመለከተ ብቻ መልሳ ጠየቀችና ራሷ መልሳዋለች፣ ማይክሮዌቩ ውስጥ አርጎን በሆነ ሙቀት ላይ ሐምራዊ ብርሃን ያሳያት ነበር፣ ለካ ፕላዝማ ነው፣ ፓይሮሜትሩም ያንን ብርሃን አብሮ ያነብ ነበር ማለት ነው። ናይትሮጅን ከአርጎን ይልቅ ለመቀጣጠል ስለሚያስቸግር 5 በመቶ ሃይድሮጅን ያለው ናይትሮጅን ለማስመጣት ጠይቃለች። ግፊውና ሳቢው የተባለውን ፈርነሱ ስለሚፈቅድላት እሱን ትጀምራለች፣ የማይክሮዌቩ ዘገምተኛው ግን መሣሪያው ለረጅም ሰዓት ተይዞ ስለማያውቅ የሚመለከተውን ሰው ማስፈቀድ አለባት። የካርቦን ትንተናው ተልኳል፣ ክሩም እስኪመጣ ድረስ እንዳይዘጋ ጠይቃለች።